ያላስፈለገን ሐኪም

ጄኔቫ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ ለቬኔራንዳ፣

ይህች ደብዳቤ በረዶውን ተሻግራ እጅዎ ስትገባ እርስዎም አጎቴ ዶናትስም ምድጃው አጠገብ በሰላም ተቀምጣችሁ ታግኛችሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እዚህ ሐይቁ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሳይሆን ይከርማል። ዶናትስ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምኑን ሐይቅ ሆነው!» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልክ መደወሉ ይቀለኝ ነበር፤ ግን እርስዎ «በስልክ ሰው የሚያወራው ስለ አየሩ ብቻ ነው» ስለሚሉ ይኸው ብዕር አነሣሁ።

ከገና በኋላ ሥራ ቀይሬያለሁ። መሥሪያ ቤቱ ያው ነው፤ የተቀየረው ወንበሬ ነው። አሁን ያለሁበት ክፍል አገሮችን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጦ፣ የታመመ ሰው ሁሉ ሳይደኸይ ለመታከም እንዲችል ማን ምን ያህል እንደ ተራመደ ይለካል። የምንለካው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሕክምናው መድረሱን ነው፦ ልጆች ተከትበዋል ወይ? እናቶች አዋላጅ አግኝተዋል ወይ? ደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል ወይ? ሁለተኛው ሕክምናው ሰውን አለማራቆቱን ነው። አንድ ቤተሰብ ከወጪው አንድ አሥረኛው በላይ ለሐኪምና ለመድኃኒት ከሄደበት «ተጎድቷል» ብለን እንመዘግባለን።

ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ዘንድ ያልሄደ ሰው ምንም አያወጣም። ምንም ያላወጣ ደግሞ በእኛ ሠንጠረዥ ላይ አልተጎዳም። አቅም አጥቶ ቤቱ የተኛውና ጤነኛው ጎረቤቱ አንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ይህን ከእኔ በፊት የነበሩትም ያውቁ ነበር። እኔ የተሰጠኝ ቀዳዳውን የሚደፍን፣ በየአገሩ ሊጠየቅ የሚችል ጥያቄ ማርቀቅ ነው። በአገራችን እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከድሮም ይጠየቃል፤ ሰዉ ግን «አይ፣ ምንም» እያለ ያልፈዋል። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ቋንቋ አስተምረዋል። እባክዎ ይህችን ጥያቄ ዱቡሊ መንደር ውስጥ ለሚቀርቧቸው ሰዎች አቅርበው ምን እንደሚሉ ይጻፉልኝ፦ «ባለፈው ዓመት ሕክምና አስፈልጎዎት ሳያገኙ የቀሩበት ጊዜ ነበር?»

ምን ልላክልዎ? ቸኮላት እንዳይሉኝ፤ እሱ እንኳ ሳይጠየቅ የሚመጣ ነው።

የወንድምዎ ልጅ፣ ኢንጉና


ዱቡሊ፣ ማርች 9 ቀን 2017

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለኢንጉና፣

እመቤታችን ከክፉ ትሰውርሽ፤ ባዕድ አገርም የእናት ጓዳ ይሁንልሽ። እኛ ሁለታችንም ለጤናችን ደህና ነን። ዶናትስ «ታዲያ ምኑን ሐይቅ ሆነው!» ሳይሆን «አይ የሰነፍ ሐይቅ!» ነው ያለው። ልትቀርቢ ምንም አልቀረሽም።

ጥያቄሽን ይዤ መንደሩን ዞርኩ። ከቤት ጀመርኩ።

«ዶናትስ፣ ባለፈው ዓመት ሕክምና አስፈልጎህ ሳታገኝ የቀረህበት ጊዜ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ጥርስህስ?»

«ጥርሴማ ወጣ።»

«ማን አወጣው?»

«እኔ ነኛ። በገዛ ፒንሳዬ።»

«ታዲያ ሐኪም አላስፈለገህም?»

«ከወጣ በኋላ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?»

እንዲህ ያለ ወንድም ነው የሰጠኝ። ከዚያ አኔሌ ጋ ሄድኩ፤ ከእኛ በላይ ኮረብታው ላይ ያለችው፣ አስም የሚያፍናት ጎረቤታችን። ደጃፏ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሽ ስትሰበስብ ደረስኩ። «ሕክምና አላስፈለገኝም» አለችኝ፤ «እኔን የሚያስፈልገኝ ደረጃ የሌለው ቤት ነው።» ባለሱቋ ብሮኒስላቫ ደግሞ «ማነው የላከሽ? ግብር ሰብሳቢ ነው?» ብላ ዳቦውን ከመስኮቱ ላይ አነሣችብኝ። ስምሽን ስጠራላት መልሳ አስቀመጠችው፤ መልሷ ግን ያው «ምንም» ነው።

ፍትሕ እንዳይጓደል ራሴንም ጠየቅሁ። አላስፈለገኝም ብዬ መለስኩ።

እንግዲህ መንደራችን ጤነኛ ነው፤ ሠንጠረዥሽ ላይ ከላይ አድርጊን። ለመላክ ካልሽ ብርሃኑ ጠንካራ የሆነ የጠረጴዛ መብራት ላኪልኝ፤ ክረምቱ ጨለማ ነው። ስትጽፊም ፊደልሽን ትልቅ አድርጊው። የጉንዳን ሰልፍ ነው የምትልኪልኝ።

አክስትሽ፣ ቬኔራንዳ


ጄኔቫ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ፣

መጪው ፋሲካ የደስታና የዕረፍት ይሁንላችሁ። መብራቱ ተልኳል። ፊደሌንም እንደሚያዩት የዝሆን አድርጌዋለሁ።

ደብዳቤዎን በስብሰባ ላይ ተርጉሜ አነበብኩት። አለቃችን ሆልገር፣ ዴንማርካዊው፣ የፒንሳው ነገር ጋ ስደርስ ሳቀ። ስጨርስ ግን «ይቺ ሴት መተንፈስ ያቅታታል፤ እኛ ጋ ግን ችግር የሌለባት ሆና ትገባለች ማለት ነው?» አለ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስብሰባው ቀልድ አልነበረበትም።

የተረዳሁት ይህን ነው። ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ነገር «አስፈለገኝ» አይልም። ካለ መለመን ይመስለዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጬዋለሁ። በመጀመሪያ «ባለፈው ዓመት ያመመዎት ወይም ያስቸገረዎት ነገር ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ቀጥለን «ምን አደረጉለት?» እንላለን። ሐኪም የሚለውን ቃል ጨርሶ አናነሣም። እባክዎ አንዴ ደግሞ ይዙሩልኝ።

አጎቴን ሐኪም ጋ ይውሰዱልኝ፤ የጥርስ ቁስል ቀልድ አይደለም። እርስዎንም አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እኛን ተማሪዎችዎን መስመር ለቀቃችሁ ብለው በማስመሪያ ጣታችንን ይነኩን ነበር። የአሁኑ ደብዳቤዎ መስመር ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ቸኩለው ነው?

ኢንጉና


ዱቡሊ፣ ጁን 20 ቀን 2017

ለምወድሽ ኢንጉና፣

በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። ብርሃን ይቅደምሽ፤ ጥላሽ ይከተልሽ። ለጤናችን ደህና ነን።

ሜይ ሙሉ በየምሽቱ መንገድ ዳር ካለው መስቀል ሥር ለማርያም ዘምረናል። የመራሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉን ለሌሎች ሰጠሁት፤ እኔ ቃሉን በልቤ ይዤዋለሁ።

አዲሱ ጥያቄሽ ሰዉን ከፈተው። ብሮኒስላቫ ሱቋን ዘግታ አስቀመጠችኝ። ባሏ አንጀቱ ገፍቶ ሆዱ ላይ እብጠት አውጥቷል፤ በቀበቶ አጥብቆ አስሮ እንጨት ይፈልጣል። «ቀዶ ሕክምናው እኮ በነጻ ነው» አለችኝ፤ «ወረፋው ነው እንጂ። ወረፋው ሲደርስ ደግሞ ድንች መልቀሚያ ይሆናል።» አኔሌ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቷን ጠዋት ብቻ ነው የምትወስደው፤ ለወሩ እንዲበቃት። «ማታስ?» ስላት «ማታ ተኝቼ ለማን ልተንፍስ?» አለችኝ። ስቀን ስናበቃ አለቀሰች። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ይህ ለሠንጠረዥሽ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

እኔን ማን ይጠይቀኝ? ጠያቂዋ እኔ ነኝ።

በኦገስት ሙታን ለሚታሰቡበት የመካነ መቃብሩ በዓል እመጣለሁ ማለትሽን ቄሱ ነገሩኝ። አትምጪ። መንገዱ ተቆፍሯል፤ አቧራ ብቻ ነው። የአባትሽን መቃብር እኔ አጸዳዋለሁ። ለሌላ ዓመት ያድርሰን።

ከቻልሽ ቁልፎቹ ጎላ ጎላ ያሉ ሬዲዮ ላኪ። የዶናትስ ጣት ወፍራም ነው።

ቬኔራንዳ


ጄኔቫ፣ ጁላይ 5 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ከእናንተ አይለይ። ሬዲዮው በዚህ ሳምንት ይደርሳችኋል።

ጥያቄያችን አሁን በየአገሩ መልእክተኞች ፊት ቀርቧል። አንደኛው፣ ከየት እንደሆነ አልነግርዎትም፣ ተነሥቶ «ይህ የሚለካው ሕክምናን አይደለም፤ ማጉረምረምን ነው» አለ። እኔም የሰማሁት ማጉረምረም ሳይሆን ዝምታ እንደሆነ ነገርኩት።  ሰውየው ክፉ አይደለም። አገሩ በሠንጠረዡ ላይ ወደ ታች ስትወርድ ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው።

አክስቴ፣ ለምን እንዳልመጣ ፈለጉ? ካደግኩ ጀምሮ «ነዪ» እንጂ «አትምጪ» ብለውኝ አያውቁም። መንገዱ ልጅ ሆኜም የተቆፈረ ነበር። በጁኑ ደብዳቤዎ ላይ ሁለት መስመር አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ ማንበብ አቅቶኛል። እንዲያው በቀጥታ ልጠይቅዎ፦ ዓይንዎ እንዴት ነው?

በዚያ በዓል ቀን ድንገት ስብሰባ ስለተጠራብኝ ለመምጣት አልችልም። መልስዎን ግን እጠብቃለሁ።

ኢንጉና


ዱቡሊ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2017

ኢንጉና፣ እንደምን ሰነበትሽ?

እኔ አጎትሽ ዶናትስ ነኝ። ከወታደር ቤት ከወጣሁ ወዲህ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ እግዜር ይጠብቅሽ።

እህቴ ይህን እንደምጽፍ አታውቅም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛው እንኳ አንድ ነው። «ምን እየጫጫርክ ነው?» አለችኝ፤ «የዓሣ መረብ ሒሳብ ነው» አልኳት። የምጽፈውን አታይም። ነገሩ ይኸው ነው።

የጁላይ ደብዳቤሽን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስለ ዓይን የጠየቅሽው ጋ ስደርስ «በቃ፣ ገባኝ፤ ቀሪውን እኔ አነበዋለሁ» ብላ ወሰደችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ነው። ሬዘክኔ ከተማ ያለው የዓይን ሐኪም «ዓይንሽ ውስጥ ግፊት አለ፤ ለትልቁ ሐኪም ልኬሻለሁ» አላት። ወረፋው ረጅም ነበር። ጠበቀች። ተራዋ የደረሰ ቀን አውቶቡሱ በበረዶ ቆመ። ዘግይታ ስትደርስ ቀኑ አልፏል፤ እንደ አዲስ ከኋላ ተሰለፊ ተባለች። «የብሮኒስላቫን ባል መኪና ልጠይቅልሽ» ብዬ ነበር፤ «ሰው አላስቸግርም» አለች። እንደ አዲስ ተሰልፋ እስካሁን ትጠብቃለች። ላንቺ እንዳልነግርም አስምላኛለች። ምያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትመታው በልቧ ነው፤ ሰው አላወቀባትም። ትናንት ግን የቀይ ሥር ሾርባ ስትቀዳልኝ ከሳህኑ ውጭ ግራ እጇ ላይ ደፋችው። የፈላ ነበር። አልጮኸችም። «ሳህኑን ማን አነሣው?» አለች። ሳህኑ እዚያው ነበር።

ያን ጊዜ መሐላዬን ለመብላት ቆረጥኩ። ነዪ። ወይም የሚደረገውን አድርጊ።

ዶናትስ


ጄኔቫ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ ለቬኔራንዳ፣

እጅዎ እንዴት ነው? አጎቴን አይቆጡብኝ። ይህን ደብዳቤ ያለ ዕረፍት እስከ መጨረሻው ያንብብልዎ።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፤ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ለካ የሁላችንም ደብዳቤ «ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል፤ እኔም ማታ ማታ የማልተኛ ሰው ሆኜ እንደዚያው ነው የምጽፈው። ዓመቱን ሙሉ «ሰው ለምን አላስፈለገኝም ይላል?» እያልኩ ስጠይቅ መልሱን በአክስቴ እጅ ጽሑፍ ይዤው ኖሬያለሁ።

ዋና ከተማችን ሪጋ ውስጥ በክፍያ የሚያይ የዓይን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ። ሴፕቴምበር 28 ነው። አንድ ቀን ቀድሜ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ግፊት የወሰደውን ዓይን ማንም አይመልሰውም፤ የቀረውን ግን ማስቀረት ይቻላል። እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው። እባክዎ እሺ ይበሉኝ።

ኢንጉና


ዱቡሊ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2017

ለምወድሽ ኢንጉና፣

(እህቴ ትናገራለች፤ የምጽፈው እኔ ዶናትስ ነኝ።)

እግዚአብሔር ልብሽን እንዳሰፋው ቤትሽን ያስፋው። እጄ እየዳነ ነው። ቀጠሮውን ግን ሰርዢው።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እኔ ወረፋ ላይ ነኝ። ከፊቴ ያሉትንም ከኋላዬ ያሉትንም አውቃለሁ፤ ግማሾቹ ተማሪዎቼ ነበሩ። ውጭ አገር ዘመድ ያላት እኔ ብቻ ነኝ። ብሮኒስላቫ ባሏን በቀበቶ አስራ፣ አኔሌ ትንፋሽዋን በጠዋት ብቻ ቆጥባ፣ እኔ በወንድሜ ልጅ ገንዘብ በአጥር ዘልዬ ልገባ? አንቺስ ሥራሽ ይህ እንዳይሆን አይደለም ወይ? ደግሞ ሰዎቹን እየዞርኩ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

(«በየትኛው ዓይንሽ?» አልኳት። በማንኪያ ሰነዘረችብኝ። ሳተችኝ። ዶ.)

ስለዚህ ተራዬን እጠብቃለሁ። ያላልኩትንም ጨምረህ አልጻፍክም ወይ ዶናትስ? አንብብልኝ።

(አነበብኩላት፤ የማንኪያውን ትቼ።)

አክስትሽ፣ ቬኔራንዳ

ኢንጉና፣ እኔ ነኝ አሁን። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ልወስድ ስወጣ አኔሌ በር ላይ አገኘችኝ። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ዱላዋን ይዛ ዘው ብላ ገባች። ከደጃፉ እስከ ወንበሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆማ ተንፍሳለች። ከዚያ እንዲህ አለቻት፦

«ቬኔራንዳ፣ በእኔ ምክንያት ነው አሉ የማትሄጂው?»

«በአንቺ ብቻ አይደለም። በሁላችሁም ነው።»

«አንቺ ብትታወሪ እኔ መተንፈስ ይቀለኛል?»

እህቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

«ንገሪኛ! አስተማሪ ነሽ። ይቀለኛል?»

«አይቀልሽም።»

«እንግዲያው ተነሺና ሂጂ። እኔ ለቅሶዬን ያለቀስኩልሽ ልታዪልኝ እንጂ አብረሽኝ ልትሰምጪ አይደለም። ስትመለሺ ደግሞ አንድ ሥራ አለሽ፤ የመድኃኒቴን ወረቀት ታነቢልኛለሽ። ይህ ወንድምሽ ሲያነብ እንደ ፍየል ነው።»

 እህቴም «ሰማያዊው ቀሚሴ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ብል በልቶት እንደሆነ እይልኝ» አለችኝ። አልበላውም። ነዪ።

ዶናትስ


ሪጋ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2017

ለአጎቴ ለዶናትስ፣

በእጅዎ የያዙት ሁሉ ይቅናልዎት። አክስቴ «እሱ ስልክ ላይ አይሰማም፤ ጻፊለት» ስላሉኝ ነው የምጽፈው። እኔም ለመጻፍ ፈልጌ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። መሣሪያው ላይ አገጫቸውን አስደግፋ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወንበሯን አቅርባ እጃቸውን ያዘች። የቀኙ ዓይን አይመለስም። ግራው ግን ገና አለ፤ ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ጠብታውን በየቀኑ ካልረሱ ይቆያል ብላለች።

አክስቴ «በመጀመሪያው ቀጠሮዬ ደርሼ ቢሆንስ?» ብለው ጠየቋት።

ሐኪሟ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ «ሁለቱንም የማትረፍ ዕድል ነበረን» አለች። አልዋሸችም፤ ለዚህ አከብራታለሁ።

አክስቴ «እሺ» አሉ። ኮታቸውን ለበሱ። ትራሙ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ድልድዩን ስናልፍ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንጉና፣ እስካሁን ሠንጠረዥሽ ላይ የቱ ጋ ነበርኩ?»

«ካልተጎዱት ጋ» አልኳቸው። «ሳይከፍሉ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ወጪ የለውም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ብዙ ስለተከፈለ ከተጎዱት ቤተሰቦች ውስጥ ገብተዋል።»

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ዓይኔ ሲጠፋ ደህና፣ ዓይኔ ሲድን ተጎጂ!» አሉ። ትራሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሳቸው ግን እንዳለቀስኩ ሳያዩ አወቁ። «ተይ እንጂ» አሉኝ፤ «ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው ወረቀቱን አያርጥብም።»

ሐሙስ አመጣቸዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ቦታቸውን የለወጡ ዕቃዎች ካሉ ወደ ነበሩበት ይመልሱልኝ።

ኢንጉና


ጄኔቫ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ ለቬኔራንዳ፣

አዲሱ ዓመት ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለቤታችሁ ፍቅር ይዞ ይግባ። ጠብታውን አይርሱ። እኔ፣ እውነቱን ልጻፍልዎ፣ ደክሞኛል፤ እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

ሥራችን አልቋል። ትልቁ ሠንጠረዥ እንደ በፊቱ ነው የሚወጣው፤ ሁለቱ መለኪያዎች ብቻ ናቸው ያሉበት። ያልሄዱት ሰዎች ጉዳይ ከኋላ በአባሪ ገጽ ገብቷል፤ ለመጠየቅ ፈቃደኛ ከሆኑ ጥቂት አገሮች ብቻ የተሰበሰበ ነው። ያ የማጉረምረሙ መልእክተኛ አገር አንዱ ነው። ለምን እንዳመነ አላውቅም። በመጨረሻው ቀን ሊፍት ውስጥ አግኝቶኝ «እናቴን ጠየቅኋት» አለኝና ሌላ ምንም ሳይጨምር ወረደ።

ሆልገር «አባሪ ማለት በር ነው» ይላል። እኔ እንደ እሱ ተስፈኛ አይደለሁም። አባሪ አባሪ ነው፤ ሰው አይገልጠውም። ግን ካቻምና እሱም አልነበረም።

አገራችን በትልቁ ሠንጠረዥ ላይ ትንሽ ከፍ ብላለች። እውነት ነው፤ አላጭበረበርንም። ብዙ ሰው ከበፊቱ የተሻለ ይታከማል። የእርስዎ የቀኝ ዓይንም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ቁጥር እስካሁን አላገኘሁም።

ኢንጉና


ዱቡሊ፣ ማርች 14 ቀን 2018

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለኢንጉና፣

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። መስመሩ ቢወላገድ በማስመሪያ ምቺኝ። የሠራሽበት ይባረክልሽ፤ የደከምሽበት አይጥፋብሽ።

በግራ ዓይኔ በረዶው ከሐይቁ ዳር ሲለቅ አያለሁ። በቀኝ በኩል ሰው ሲመጣ አላይምና ዶናትስ በዚያ ሲያልፍ ሳል እንዲስል አስተምሬዋለሁ። አሁን ሁልጊዜ ይስላል፤ በግራም በኩል። የአኔሌን ወረቀት አነበብኩላት፤ ማታም መውሰድ እንዳለባት ተጽፏል። ቄሱ ሰው አነጋግረው የመድኃኒቷን ነገር አቅልለውላታል፤ ምን ያህል እንደሚዘልቅ አናውቅም። የብሮኒስላቫ ባል እስካሁን ቀበቶውን አልፈታም።

ከሰኞ የሚበልጥ ወሬ ግን የለኝም። ልጅ እግር ሴት መጣች፤ ቤት ለቤት እየዞረች የምትጠይቅ፣ ደረቷ ላይ መታወቂያ የሰቀለች። ጫማዋ ረጥቦ ነበርና ምድጃው አጠገብ አስቀመጥናት። ስለ ቤቱ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ገቢያችን ጠየቀች። ከዚያ ያንን አመጣችው። ያንቺን አዲሱን አይደለም፤ አሮጌውን ነው፦ «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ሕክምና አስፈልጎዎት ሳያገኙ የቀሩበት ጊዜ ነበር?»

«አዎ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ቀኑን ሙሉ «አይ» ሲሏት የዋለች ትመስላለች። «ዋናው ምክንያት?» አለችና ዘረዘረችልኝ፤ ውድ መሆኑ፣ ወረፋው፣ ርቀቱ፣ ፍርሃት፣ ጊዜ ማጣት። «አንዱን ብቻ ነው የሚመርጡት።»

«ኩራት የሚል አለሽ?»

«የለም። ‹ሌላ› የሚል አለ።»

አሰብኩበት። «ወረፋ በዪ» አልኳት። «ኩራቱ የመጣው ከወረፋው በኋላ ነው።»

ጻፈች። ከዚያ ወደ ዶናትስ ዞረች፤ እያንዳንዱን ዐዋቂ ለብቻው መጠየቅ አለባት። እሱ ጥግ ላይ መረብ እየጠገነ ነው። ይህን ጥያቄ እኔ ጠይቄው መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ሻይ ልቀዳ ተነሣሁ።

«አዎ» አለ።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ዋናው ምክንያት?»

ዶናትስ መረቡን አስቀመጠ። «እህቴ ስለምትሰማ ነው» አላት።

ልጅቷ ምን እንደምትመርጥ ግራ ገባት። እኔ ግን ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ሳልናገር ወጣሁ፤ በሩንም ዘጋሁ። ግቢ ውስጥ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ቆምኩ። በመስኮቱ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ዝቅ ብሎ፣ ቆም እያለ፣ እንደገና እየጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቃሉን ለመስማት አልሞከርኩም። በረደኝ፤ ግን አልገባሁም።

ልጅቷ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እጄን ጨበጠችኝና «አብረውት ይሂዱ» ብቻ አለችኝ።

ገብቼ «ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሐሙስ ሐኪሙ ዘንድ ትሰሚዋለሽ» አለኝ። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ አይደል?»

መኪናውን ከብሮኒስላቫ ባል ለመንኩት፤ እኔው ራሴ ሄጄ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ሸሚዙን ተኩሼ ወንበሩ ላይ ሰቅዬለታለሁ።

አክስትሽ፣ ቬኔራንዳ